ግማሹ ያልጠቆረው ፍሉት

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእህቴ ለከሰሌ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ማለቴ በእሱ ልክ ደህና ነው።

ስለ ወንበር ጎረቤትሽ የጻፍሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለታችሁም የብር ፍሉታችሁን ከአንድ ሠሪ፣ በአንድ ዓመት ገዛችሁ። የእሷ እንደ መስታወት ያበራል፣ ያንቺ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። እሷ ደግሞ መላው ኦርኬስትራ እየሰማ "ያንቺ ብር የውሸት ሳይሆን አይቀርም" ትልሻለች። ወይ ጉድ! በየዓመቱ በገዛ እጄ ብትንትኑን አውጥቼ የምገጣጥመውን ፍሉት! በይ ወንድሜ እንዲህ አለ በያት፤ ብሩ አንድ ነው፣ የሚለያየው እጁ ነው።

ደግሞ "ዛገ" አትበዪብኝ። የሚዝገው ብረት ነው፤ ብር ይጠቁራል። የሚያጠቁረውም ድኝ ነው፣ ያ ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚቆነጥጠው ነገር። በጭስ ውስጥ አለ፣ በእንቁላል አለ፣ በሱፍ አለ፣ ፀጉርሽን በምታስሪበት ላስቲክ ሳይቀር አለ። በላብም አለ፤ እሱ ነው ከሰው ሰው የሚለያየው። እዚህ ወርክሾፕ የሚመጡልኝን ፍሉቶች የባለቤቱን ስም ሳልጠይቅ አውቃቸዋለሁ። የአንድ የሙዚቃ መምህር ደንበኛዬ ፍሉት ጣቱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ያበራል፣ ዙሪያው ቡናማ ነው፤ እጁ ደረቅ ስለሆነ ሲነካካው ይወለውለዋል። የእኛ ቤት ተቃራኒው ነው። እኛ የነካነው ይጠቁራል። እማማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አዲስ ጉትቻ አድርጋ ሳምንት ሳይሞላ ጆሮዋ ላይ ከሰል ይንጠለጠል ነበር። አባባም "ያገባሁት ሴት ነው ምድጃ?" ይላት ነበር። አንቺ ደግሞ እጇን እንዳለ ወረስሽ፤ ከሰሌ ያልኩሽም ለዚያ ነው። እኔ ግማሹን፣ አንቺ ሙሉውን።

መድኃኒቱ ከተጫወትሽ በኋላ አንዴ በጨርቅ መጥረግ ነው። ስንት ዓመት ለመንኩሽ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽኝ።

ስልክ ለምን አትደውልም ላልሽው፣ በስልክ ታመልጪኛለሽ። ገና "ምነው ጠፋሽ?" ስልሽ ትስቂና ወሬው ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ቢያንስ መዋሸት ይኖርብሻል፣ እሱ ደግሞ ያደክማል።

አባባ ዓይኑ ጨርሶ ሄዷል። ጆሮው ግን አይጥ ስትራመድ ይሰማል። አልጋው ልክ ከወርክሾፑ በላይ ስለሆነ ካቻቢቴ ከእጄ ባመለጠ ቁጥር ከላይ ይቆጣኛል። ሐኪሙ ልቡ ደክሟልና አታስደነግጡት፣ አታናድዱት ብሎናል። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "መቼ ነው የምትመጣው? በራዲዮ አልፈልግም። አንዴ ከአጠገቤ ሆና ስትጫወት ልስማት፣ ከዚያ የፈለገው ይምጣ።" እኔም "ደርሳለች" እያልኩት ነው። እባክሽ አታስዋሺኝ።

ፍሉቱን ለዓመቱ ጽዳት ላኪልኝ። ብትመጪበት ደግሞ ይሻላል።

ወንድምሽ


ኅዳር 12

ለወንድም ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ! ደብዳቤዬ በማሽን በመጻፉ ይህን ያህል ትቀየማለህ ብዬ አላሰብኩም። "የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ መሰለኝ" ነው ያልከው በሁለተኛዋ ደብዳቤህ? የእጅ ጽሑፌን ዶሮ የጫረችው ነው ስትል የኖርከው አንተ አይደለህም? አሁን ደግሞ ዶሮዋ ናፈቀችህ። ሰው ሲያረጅ የሚፈልገውን አያውቅም አሉ።

መምጣቱን በዚህ ወር አልችልም። ይቅርታ። በሚቀጥለውም የምችል አይመስለኝም፤ መሪያችን ፈቃድ ሲጠየቅ ጥርሱን የታመመ ይመስላል። ለአባባ ተደራርቦባት ነው በልልኝ። አታስዋሺኝ ማለትህን አንብቤዋለሁ። ቢሆንም በልልኝ።

ፍሉቷን ልኬያታለሁ። አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ፤ የቀኝ እጅ ቁልፎቹን ሞላ አላላልኝ። በጣም ጠንክረውብኛል። ክፍሌ ቀዝቃዛ ስለሆነች ይሆናል፤ መስኮቱ አይገጥምም፣ ጋዜጣ ጠቅጥቄበታለሁ። የቻልከውን ያህል አላላው። አንተ "በዛ" ከምትለው በላይ አላላው።

"በየቀኑ ትለማመጃለሽ?" ላልከኝ፣ አዎ በየቀኑ እይዛታለሁ። ፊት ለፊቴ ልብስ የሚተኩሱ ሴቶች አሉ፤ መስኮታቸውን ሲከፍቱ የካውያው እንፋሎት እኔ ዘንድ ይደርሳል። አንዳንዴ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡኛል፣ ከዚያ አንዷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ካውያዋ ትመለሳለች። ምን እንዳልጣማት ጠይቄያት አላውቅም።

አባባን ግንባሩን ሳምልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 5

እህት ዓለም፤

ደርሷል ወይ ብለሽ ተጨንቀሽ ነበር፤ ሳጥኑ በሰላም፣ ጥጉ እንኳ ሳይጨረማመት ደርሷል።

ስከፍተው እውነቴን ነው የምልሽ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ያመጡብኝ መሰለኝ። የታችኛው ግማሽ ያበራል! "ከሰሌ ሠለጠነች! ጨርቅ የሚባል ነገር መኖሩን ሰማች!" እያልኩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ ለአባባ ነገርኩት። ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ፊቱን እንኳ ሳያዞር "ውሸት ነው" አለ። "የእሷ እጅ ነክቶት የሚያበራ ብር የለም። የእናቷ ልጅ ናት።" እኔም "አንተ ልጅህ ስትሻሻል ደስ አይልህም እንዴ?" ብዬ ሳቅሁበት።

ሞላዎቹን እንዳልሽው አድርጌአለሁ። እነዚያን እንደ መርፌ የቀጠኑ ነገሮች አንድ በአንድ በመቆንጠጫ አላላኋቸው። አሁን ዝንብ ብታርፍበት ይዘጋል። ከዚህ በላይ ካላላሁት ቁልፉ ስትለቂው መነሳቱን ይረሳል። ሰው ሁሉ ሞላ አጠንክርልኝ ይላል፣ ፈጥኖ እንዲነሳለት፤ አንቺ ብቻ ነሽ ተቃራኒውን የምትጠይቂ። ደግሞ እኮ ድሮ ጣትሽ ብረት ነበር፣ ልጅ ሆነን ስትቆነጥጪኝ ሰንበር ይወጣብኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ስትወለውዪ ለምን ግማሹን ብቻ? የግራ እጅሽ ቁልፎች እንደ ወትሮው ጥላሸት መስለዋል። የቀኞቹ ግን፣ ከላይኞቹ በቀር፣ አምና አጽድቼ እንደ ላክሁልሽ ናቸው። ሰው በጨርቅ ሲወለውል ከቁልፎቹ ሥር፣ ጨርቅ በማይደርስበት፣ ጥቁሩ ይቀራል። እዚያም የለም። የተወለወለ ሳይሆን ያልተነካ ነው የሚመስለው። ምን ዓይነት ሳሙና ጀመርሽ? ንገሪኝና ለደንበኞቼም ልምከራቸው።

ለጊዜው አልጠረግሁትም። መልስሽን እስካገኝ እንዲሁ ይቆይ ብዬ ነው፤ አንቺ እስከዚያ እንደ ወትሮው በኦርኬስትራው ትርፍ ፍሉት ትጫወቻለሽ።

አባባ ሸሚዙን አስተኩሶ አልጋው ራስጌ አሰቅሎኛል። "ስትመጣ በፒጃማ አልቀበላትም" ይላል።

ወንድምሽ


ጥር 11

ወንድም ጋሼ፤

ፍሉት ነው የላክሁልህ እንጂ ራሴን ለምርመራ አልላክሁም።

ጓንት ነው። አዳራሹ ስለሚበርድ በልምምድ ጊዜ ጣቱ የሳሳ ጓንት አደርጋለሁ። "ለምን ቀኙን ብቻ?" ብለህ እንደምትመጣ አውቃለሁ፤ ግራው ጠፍቶብኝ ነው። በቃ? ረካህ?

አልመጣም ያልኩት ከእናንተ ሸሽቼ አይደለም። አባባ ሸሚዝ አስተኮሰ ብለህ ባትጽፍልኝ ኖሮ ጥሩ ነበር። እንደዚህ ያለ ነገር አትጻፍልኝ።

ስለ ተቆጣሁ ይቅርታ አድርግልኝ። እንቅልፍ አጥቼ ነው።

እህትህ


የካቲት 3

የኔ እናት፤

አልተቀየምኩም። "ተቀየምክ ወይ?" ብለሽ አትጠይቂኝ ሁለተኛ። እኔና አንቺ መቀያየም የምንችልበት ዕድሜ አልፏል።

ጓንቱን አመንኩልሽ እንበል። ግን ጓንት አምስቱንም ጣት እኩል ነው የሚሸፍን። ፍሉቱን መስኮቱ አጠገብ ወስጄ እንደገና አየሁት። የትንሿ ጣትሽ ቁልፍ ላይ ምንም የለም፤ ገና ከእጄ የወጣ ነው የሚመስል። የቀለበት ጣትሽ ላይ ስስ ቢጫ አለ። ብር ሲጠቁር መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ነው። የመሃል ጣትሽ ቡናማው ላይ ደርሶ ቆሟል። ሌባ ጣትሽ ብቻ ናት እንደ ምንም የጠቆረች። ጓንት እንዲህ አያደርግም። ጣቶችሽ ተራ በተራ ነው የተዉት።

ደብዳቤዎችሽ በማሽን የተጻፉ ናቸው። ፊርማሽ እንኳ የለባቸውም። ሞላ አላላልኝ አልሽ። እኔ ጅሉ ደግሞ ስለ ሳሙና እጠይቅሻለሁ! ሠለጠነች ብዬ ደረጃ ለደረጃ እዘላለሁ! አባባ በዓይነ ስውርነቱ ያየውን እኔ በመነጽር አላየሁትም።

ምን ሆነሻል? በእማማ ሞት ንገሪኝ። ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ? ስንት ጊዜ ሆነው?

ዛሬውኑ ተነስቼ ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አባባን ማን ይይዘዋል? ጎረቤታችን ሴትዮ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ትቀመጥለታለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም፣ ራሷ በዱላ ነው የምትሄድ። መነሳቱ አለ፣ መገላበጡ አለ፣ ከእኔ በቀር ሰው ሲነካው ያፍራል፣ አይበላም። አንቺ እዚያ፣ እሱ እዚህ፣ እኔ መሃል ላይ ተቸንክሬአለሁ። ምን ዓይነት ወንድም ነው ይኸ? የፍሉትሽን እያንዳንዱን ብሎን አውቃለሁ፣ የእህቴን እጅ ግን የማውቀው በፖስታ ነው።

ሆድ ይፍጀው ብለሽ ብቻሽን አትያዢው። ጻፊልኝ፣ በማሽንም ቢሆን።

ወንድምሽ


መጋቢት 14

ወንድም ጋሼ፤

ከየካቲቱ ወዲህ በላክሃቸው ሁለት ወረቀቶች ደጋግመህ "ከየትኛው ጣት ጀመረ?" አልከኝ። ከትንሿ። ራስህ አውቀኸዋል እኮ።

መጀመሪያ የተኛሁባት መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ ትደነዝዝ ነበር፣ ሳሻት ትመለሳለች። ከዚያ አለመመለስ ጀመረች። ቁልፉን መንካቷን አይቼ እንጂ ተሰምቶኝ አላውቅም፤ ፍሉት ደግሞ እያዩ የሚጫወቱት ነገር አይደለም። ቀጥሎ የቀለበቷ ጣት። የልብስ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፣ አሁን የምለብሰው በራስ የሚጠለቅ ብቻ ነው። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለኝ። ነርቩ ሲሞት ቆዳውም ማላቡን ያቆማል አለ። ያበራልህ እሱ ነው። "ይመለሳል?" ስለው ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀመረ። "ግራውስ?" ስለው "እንከታተላለን" አለኝ። ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ኦርኬስትራውን የተውኩት በመስከረም ነው። ያ የወንበር ጎረቤቴን ነገር ስጽፍልህ ወንበሩን ከለቀቅሁ ቆይቼ ነበር። የድሮ ወሬ ነው የላክሁልህ፤ አዲስ ወሬ አልነበረኝም። አሁን ልጆች የኖታ ንባብ አስተምራለሁ፤ ለሱ እጅ አያስፈልግም፣ ጉሮሮ ነው።

በየቀኑ እይዛታለሁ ያልኩህ ግን ውሸት አይደለም። በግራ እጅ ብቻ የሚወጡ ጥቂት ድምፆች አሉ። ላንተ እስክልካት ድረስ አገጬ ሥር አስደግፌ እነሱን እነፋ ነበር። ከእነሱ ቀጥሎ ቀኙን የሚፈልግ ድምፅ ሲመጣ አቆም ነበር። ተኳሿ ሴትዮ ራሷን ትነቀንቅ የነበረው ለዚያ ነው፤ ዜማው ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቋረጥባት ነበር። ሞላውን አላላልኝ ስልህ ከሞላው ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር። የላላውን ቁልፍ የሚዘጋ ጣት ራሱ የለኝም ለካ።

ለአባባ እንዳትነግረው። ልቡን አታስደንግጡት ያለው ሐኪም ይኸን ገና ሳይሰማ ነው። ብመጣ ግንባሬን ስሞኝ ሳይጨርስ የሚለኝ "በይ ተጫወቺ" ነው፤ ያን ጊዜ ምን እሆናለሁ? ናፍቃችሁኛል። እኔ የምሞተው በናፍቆት ነው። ግን መምጣት አልችልም።

አንድ ነገር ልለምንህ። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ፍሉቷ ያረጀና የሚያፈስ ነው። የእኔን ስጣት። ሞላውን ወደ ነበረበት መልስና ጥቁሩን ሁሉ አውጥተህ፣ ከቁልፎቹ ሥር ሳይቀር፣ ለእሷ ላክላት። የእኔ እጅ ምልክት እንዳይቀርበት። እሷ ይዛው የእሷን ዓይነት ይጠቁር። እምቢ እንዳትለኝ፤ ፍሉቷ ተመልሳ አልጋዬ ሥር ሆና ከምታየኝ ይሻላል።

እህትህ


ሚያዝያ 6

ከሰሌ፤

"አደረግኸው ወይ?" ላልሽኝ፣ ዛሬ ጠዋት አድርጌዋለሁ። እምቢ ልልሽ ስንት ጊዜ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ምን ብዬ ነው እምቢ የምልሽ?

ፈታሁት። ሞላዎቹን አጠነከርኩ። ግራውን ጎን በጨርቅ ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ ያንቺን ስጠርግ እየተሳደብኩ ነበር፤ "ይቺ ልጅ ላቧ ምንድነው፣ አሲድ ነው?" እያልኩ። ዛሬ አልተሳደብኩም። ያ ጥቁር ሁሉ ጨርቁ ላይ ወጣ፣ ጣቶቼም ላይ። ታጥቤ መጣሁና ገጣጠምኩት። አሁን ሙሉው ያበራል፣ ከላይ እስከ ታች። ማን እንደ ነበረው የሚያውቅ ሰው የለም።

የጠገንኩትን ፍሉት ሁሌ የምፈትነው በሦስት ረጃጅም ድምፆች ነው፤ አባባም ለምዶታል፣ ነገሬም አይለው። ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ነገ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል ብዬ፣ ያቺን አባባ እግሩ ሥር አስቀምጦ ያስተማረሽን የመጀመሪያ መልመጃ ተጫወትኳት። አጫዋወቴን ታውቂዋለሽ። ጣቶቼ እርስ በርሳቸው እየተደነቃቀፉ፣ ሁለት ቦታ ቆሜ፣ እንደ ምንም ጨረስኳት።

ከላይ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ አባባ "መጣሽ?" አለ።

ቀጥሎም፣ "ጣትሽ ምነው እንዲህ ተሳሰረ? ከተማ ገባሽና ሰነፍሽ አይደል? ተለማመጂ ብዬሽ አልነበረም?" አለ። እየተቆጣ እኮ ነው፣ ግን ድምፁ እየሳቀ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! አፌን ብከፍት የእኔ ድምፅ ነው የሚወጣው።

"ግድ የለሽም፣ ድገሚው። ቀስ ብለሽ" አለኝ።

ምን ላድርግ? ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። እሱ ግን "ይኸው፣ መጣ፣ መጣ፣ ይመለሳል፤ ጣት አይረሳም" እያለ ከላይ እየቆጠረልኝ ነበር። ስጨርስ አጨበጨበልኝ። ከዚያ እኔን በስሜ ጠርቶ "ና ልብሴን አልብሰኝ፣ ልጄ እንዲህ ሆኜ አታየኝም!" አለ።

ሮጬ ወጣሁና አለበስኩት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩለት። አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ በሩ ዞሮ ተቀመጠ፤ "ጥራት" አለኝ። "እሺ" ብዬ ወረድኩ።

ይኸን የምጽፍልሽ ደረጃው ሥር ተቀምጬ ነው። መልስሽ እስኪደርሰኝ ሳምንታት እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ ልደውልልሽ ብል ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ከላይ ይሰማል፤ እሱ ግን አሁን ነው የሚጠብቀው። እውነቱን ብነግረው ልቡ አይችለውም። ብዋሸው ደግሞ በሩ ላይ እንዳፈጠጠ ይውላል። ወይ ያልሽኝን ላፍርስ፣ ወይ የእሱን ልብ ላፍርስ፣ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ ጠራሽ። በስምሽ ነው የጠራሽ፣ በእውነተኛው። ምን ብዬ ልውጣ?

ወንድምሽ